ለወንድሙ ማን ይንገር

መስከረም 12

ይድረስ ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለጋሼ ጠበቃው፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔና ልጆቼ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንን። ስልክ እያለ በደብዳቤ ማስቸገሬ ይገርምህ ይሆናል። “ቁም ነገር በስልክ አይወራም፤ ቃል ይበናል፣ ወረቀት ግን ይቀመጣል” ያልከኝ አንተው ነህ። አያቶቻችን ወንድማማቾች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ዝምድናችን ቢሳሳም፣ እኔ አንተን የማይህ እንደ እናቴ ልጅ ነው። ምክር ሲቸግረኝ ሌላ ማን አለኝ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስንት ዘመን እንደሠራሁ ታውቃለህ። ሥራዬ ከዚያች ትንሽ መስኮት ኋላ ተቀምጦ ካርድ ማውጣት፣ ካርድ መመለስ፣ “እገሌ የት ተኛ?” ላለኝ ሁሉ ፎቁንና ክፍሉን መናገር ነበር። ባለፈው ሳምንት ኃላፊያችን ሰበሰበንና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሚባል ሕግ ወጥቷል አለን። በእጁ የያዘው አንዲት ገጽ ነበረች፤ እሷንም እኩሌታዋን ነው ያነበበልን። የታማሚን መረጃ ለሦስተኛ ወገን የሰጠ ሠራተኛ ይባረራል፣ ይቀጣል፣ ይታሰራል ብሎ ደመደመ። ሦስተኛ ወገን ማን ነው ብንለው ከታማሚውና ከሐኪሙ ውጪ ያለ ሁሉ ነው አለ። እናቱም? ሚስቱም? አልነው። “ሕጉን እኔ አላወጣሁት” ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሳቅንም፣ ግን በጥርሳችን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው መስኮቱ ላይ ሲቆም ካርድ የምፈልግ መስዬ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። አንዱ እስራቱ ሰባት ዓመት ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ ቅጣቱ ለድርጅቱ እንጂ ለሠራተኛው አይደለም ይላል። አንተ ሕግ የቀመስክ ሰው ነህ፤ የምትኖርበትም አገር እንዲህ ያለ ሕግ ከወጣ የከረመበት ነው። ምን ላድርግ?

ታናሽ ወንድምህን፣ ቀለም ቀቢውን፣ በቀደም ታክሲ ውስጥ አገኘሁት። ቅንድቡ ላይ ነጭ ቀለም ደርቆበት ያለዕድሜው ሸብቷል። አዲስ ሆቴል እየቀባ ነው። ትንሽ ያስለዋል። ሰላም በይልኝ ብሏል።

አክባሪ እህትህ፣ የካርድ ክፍሏ


ጥቅምት 9

ለውድ እህቴ፣

ሰላምታዬ ቤትሽን ሞልቶ ለጎረቤት ይትረፍ። ደብዳቤሽን ከሥራ ስገባ ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። እኔን መጠየቅሽ አስደስቶኛል፤ በዚህ ነገር ሰው ሲሳሳት እያየሁ ነው የምውለው።

እኔ የምሠራው የአንድ ትልቅ ኢንሹራንስ ስልክ መቀበያ ውስጥ ነው። ጠዋት ስንገባ ስልካችንን ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈን ነው። እስክሪብቶ እንኳ ይዞ መግባት የለም። ለምን? ለዚሁ ሕግ ሲባል። አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ለአንድ ደንበኛ ሚስት የባሏን አዲስ አድራሻ ነገረቻት፤ ሚስቱ ናት፣ ምን ችግር አለው ብላ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወንበሯ ባዶ ሆነ።

ስለዚህ ስሚኝ። ማንም ቢጠይቅሽ “መናገር አልችልም” በይ። አለም የለምም አትበይ። እናት ብትመጣ፣ ባል ቢመጣ፣ አልቅሶ ቢለምንሽ፣ መልሱ አንድ ነው። እኔ ራሴ ብጠይቅሽ እንኳ አትንገሪኝ፤ አልቀየምሽም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዝም በማለቱ የተከሰሰ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ለቀለም ቀቢው ሳሉን ይታከም በይልኝ። እደውልለታለሁ እያልኩ ሥራው አላፈናፍን አለኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን አለህልኝ? እኛ ደህና ነን።

ምክርህ ደርሶኛል። ደብዳቤህን ለኃላፊው ባሳየው ደስ አለውና ሠራተኛውን ሰብስቦ ጮክ ብሎ አነበበው። “ይኸው፣ ሕግ አዋቂ እንዲህ ይላል” አለ። በማግስቱ መስኮቶቻችን ላይ “ስለ ታማሚ መረጃ አንሰጥም” የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ካርድ ክፍል ያለን ደግሞ ወደ ተኝቶ መታከሚያ ክፍሎች በሥራ ሰዓት እንዳንገባ ተከለከልን።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ሴት መጣች። ተከራይዋ ከቤት ከወጣ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ታሞ እንደሆነ ብላ ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞረች ነው። መናገር አልችልም አልኳት። አለ ወይስ የለም፣ ይህችን ብቻ በይኝ አለች። አለም የለምም አልልም አልኳት። “አንቺን የወለደ የለም?” ብላ ሄደች። ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ፈቃድህ መቼ ነው? መምጣት ካለብህ ዘንድሮ ብትመጣ ደግ ነው። ለምን አትበለኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 16

ለውድ እህቴ፣

ሰላም ላንቺና ለልጆችሽ። በጎ ሠርተሻል። ሴትዮዋ ትረሳዋለች፤ አንቺ ግን እንጀራሽ ላይ ነሽ።

ፈቃድ እስከ ሚያዝያ አላገኝም፤ ከቻልኩ ያኔ እመጣለሁ። ለምን ዘንድሮ እንዳልሽ አልገባኝም።

አሁን የማስቸግርሽ በራሴ ጉዳይ ነው። የቀለም ቀቢው ስልክ ከወር በላይ ተዘግቷል። ላንቺም ደወልኩ፤ አታነሺም። ቤቱ ድረስ ሄደሽ እይልኝ። እናታችን ስትሞት እሱን አደራ ያለችው ለኔ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ ጥሩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 10

ይድረስ ለጋሼ፣

ብርታቱን ይስጥህ።

እንዳልከኝ ቤቱ ሄጄ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ተከራይ ገብቷል። አልጋውና የቀለም ባልዲዎቹ ከግቢው ጥግ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል። አከራይዋ ብዙ ተናግራኛለች፤ የሷን ቃል አሁን አልጽፍልህም።

ደህና ነው ልልህ አልችልም። ደህና አይደለም ልልህም አልችልም። ስልክ የማላነሳው ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው። ስለ ሥራዬ የሰጠኸኝን ምክር አስታውስና የዚህችን ደብዳቤ ትርጉም አንተው ፈልገው። ሚያዝያን አትጠብቅ፤ አሠሪዎችህን ለምነህ ና።

እህትህ


ጥር 30

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ሁለቴ ሦስቴ አነበብኩት። እንቆቅልሽ ነው። የገባኝ ይህ ነው፤ የቤት ኪራይ ሳይከፍል ሸሽቷል፣ አንቺም ታፍሪበታለሽ። እንዲህ ከሆነ በግልጽ ጻፊው። ትልቅ ሰው ሆኖ አልጋውን ጥሎ የሚጠፋ ወንድም እንዳለኝ መስማት አይገድለኝም።

ደግሞስ ባለፈው ማክሰኞ ለምን ደወልሽ? ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስልኬ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ስወጣ ሦስት ጥሪ አየሁ። መልሼ ብደውል አታነሺም። ይህ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ከዚህ የሚመጣ ሰው አግኝቼ ከዚህች ደብዳቤ ጋር ለሱ አንድ ወፍራም ጃኬት ልኬያለሁ። ሲገኝ ስጪው።

ወንድምሽ


የካቲት 6

ይድረስ ለጋሼ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው። አጠገብህ ሰው ይኑር።

ቀለም ቀቢው ዐርፏል። ያንተ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት። ሳንባው ነው። ቀብረነዋል። የሙያ ጓደኞቹ ተሸከሙት፤ ካንተ ወገን የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሁሉንም ልንገርህ። ከእንግዲህ የመጣው ይምጣ።

ኅዳር መግቢያ ላይ መሰላል ላይ እንዳለ ራሱን ስቶ ወደቀ። ጓደኞቹ በጭነት መኪና ይዘውት መጡ፤ ስልኩ እዚያው ሥራ ቦታ ጠፋ። ካርዱን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ተጠሪ ማን ልበል ስለው “ወንድሜን” አለኝ፤ ያንተን ስም ጻፍኩ። ተከራይዋን ፍለጋ የመጣችው ሴት የሱ አከራይ ነበረች። መስኮቱ ላይ ስትቆም ካርዱ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። ጠፋ ብላ ክፍሉን አከራየችው። ኋላ ቤቷ ስሄድ ያለችኝን አልደግመውም፤ ያለችው ሁሉ ይገባኛል።

መጀመሪያ ላይ እሱ ራሱ ላንተ እንዳልነግር ነበር የሚፈልገው። “ተዪው፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አታስጨንቂ፤ ስድን እኔው አወራዋለሁ” ይለኝ ነበር። ከሥራ ስወጣ፣ በጠያቂ ሰዓት፣ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፌ ነው የማየው። ከገና ወዲያ እየከሳ ሄደ። የታኅሣሡ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ወስጄ አነበብኩለት። እናታችሁ እሱን አደራ እንዳለችህ የጻፍክበት ቦታ ላይ ስደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ “ንገሪው። ይምጣ በይው” አለኝ።

ወደ ኃላፊው ሄድኩ። ታማሚው በገዛ አፉ ለወንድሜ ይነገረው ብሏል አልኩት። በቃል አይሆንም፣ የሕግ ክፍል ይወቀው አለኝ። የሕግ ክፍል ማለት በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ የሚል አንድ ሰው ነው። እሱ ደግሞ መመሪያው ገና አልወጣም፣ እስኪወጣ ዝም ማለት አይጎዳም አለኝ። በዚያው ሳምንት የድንገተኛ ክፍሏ ልጅ ለአንድ ባል ሚስቱ ያለችበትን ክፍል ጠቁማ ከሥራ ታገደች። ጋሼ፣ ልጆቼን ለብቻዬ ነው የማሳድገው። ፈራሁ። ፈርቼ ነው ያቺን እንቆቅልሽ የጻፍኩልህ።

በመጨረሻ አንድ መላ መጣልኝ፤ እኔ ካልነገርኩት፣ እሱ ራሱ ይንገረው አልኩ። ማክሰኞ ዕለት ነርሷን ለምኜ ገባሁና ስልኬን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ጠራ፤ አልተነሳም። ደገምኩ። ሦስተኛውን ስደውል እጄን ገፋ አደረገና “ሥራ ላይ ነው፤ ተዪው” አለኝ። አልተቆጣም። ያልተቆጣው ነው የሚያቃጥለኝ።

አንተ መልሰህ ስትደውል ኦክስጅን ላይ ነበር፤ መናገር አቁሟል። ምን ብዬ ላንሳልህ?

ፈጣሪ ያጽናህ።

እህትህ


መጋቢት 5

ለሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠራተኛ፣

ጉዳዩ፦ የወንድሜን ሞት ይመለከታል

የካቲት 6 ቀን የጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። ወንድሜ እርስዎ በሚሠሩበት ቤት ወራት ተኝቶ ሲማቅቅ እርስዎ እያወቁ ደብቀውኛል። የታማሚው ግልጽ ፈቃድ እያለ መረጃ መከልከል በሕግ እንደሚያስጠይቅ ያውቁ ዘንድ አስታውቃለሁ። ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አቤቱታ አቅርቤያለሁ፤ የደብዳቤዎን ቅጂም በማስረጃነት አያይዤያለሁ።

እኔ የሰጠሁት ምክር ስለ ሥራ በአጠቃላይ ነበር እንጂ ወንድሜን እንዲደብቁኝ አልነበረም።

የሟች ወንድም


ሚያዝያ 20

ለጋሼ፣

አንቱ ማለትህን ተው። የተቆጣ ሰው ይሰድባል እንጂ አንቱ አይልም።

አቤቱታህ ደረሰልህ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠራኝ። ትልቁ የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ያንተ ወረቀት፣ ከሥሩ ደግሞ የኔ ደብዳቤ ቅጂ ተቀምጧል። እኔ ስለ ዝምታዬ እጠየቃለሁ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ሳሰናዳ ነው ያደርኩት። ስለሱ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሰብሳቢው ዝምታሽ መስኮቱ ላይ በተለጠፈው ትእዛዝ መሠረት ነው፣ በዚያ አትከሰሺም አለ። ከዚያ ደብዳቤዬን ወደኔ ገፋ አድርጎ “ይህ የእጅ ጽሕፈትሽ ነው?” አለኝ።

“አዎ።”

“የታማሚውን ሕመም፣ የገባበትን ቀን፣ የተኛበትን ሁኔታ ለሦስተኛ ወገን በጽሑፍ ገልጸሻል።”

“ለወንድሙ ነው። እሱም ሞቷል።”

“መሞቱንም የገለጽሽው አንቺ ነሽ” አለ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ስላልነገርኩህ ከሰስከኝ፤ የተቀጣሁት ስለነገርኩህ ነው። ማስረጃውን ያቀበልካቸው ደግሞ አንተ ነህ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት እንዲህ ነው። ከካርድ ክፍል አንስተው ልብስ ማጠቢያ አስገቡኝ፤ ደረጃዬም ደመወዜም ወርዷል። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆሜ አንሶላ አወጣለሁ። የማን እንደሆነ አይጻፍበትም።

ይህ ሳያንስ፣ በሳምንቱ ከላይ መሥሪያ ቤት አንዲት የሕግ ባለሙያ መጥታ ስለ አዋጁ ሥልጠና ሰጠች። የልብስ ማጠቢያ ሰው አልተጋበዘም። እኔ የጠረጴዛ ጨርቅ ላነጥፍ ገብቼ በሩ ሥር ቆየሁ። ቅጣቱ መረጃ ለሚሸጥና ለሚያዝረከርክ ነው፤ ተጠያቂውም መጀመሪያ ድርጅቱ ነው እያለች ስታስረዳ ወደ መቀመጫዎቹ ጠጋ አልኩ። ጥያቄ አለ ስትል እጄን አወጣሁ። ታማሚው በቃሉ ለወንድሜ ንገሩት ካለስ አልኳት።

“ታዲያ ይነገረዋላ። ካርዱ ላይ መፈቀዱን ጽፋችሁ መንገር ነው። ሕጉ ያንን መቼ ከለከለ?” አለች።

ኃላፊያችን ጫማውን ያይ ነበር። ልጅቷ ምን እንዳለች አላወቀችም፤ ወደሚቀጥለው ገጽ ሄደች።

እኔን የከነከነኝ ይህ ነው። የጎደለችን አንዲት ቃል ነበረች። ኃላፊው ገጹን ጨርሶ ቢያነብ፣ ወይ የሕግ ሰውዬው አላውቅም ብሎ አዋቂ ቢጠይቅ፣ ወይ አንተ አላውቅም ብትለኝ። ሕግ ትምህርት ቤቱን በሁለተኛ ዓመትህ ጥለህ እንደወጣህ እኮ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ጠበቃው የምንልህ ስለምንወድህ ነበር። እኔም እንደ ደንቆሮ ስሙን አምኜ ጠየቅኩህ። የራሴንም ድርሻ አልክድም፤ ግን የኔን እኔ እየከፈልኩ ነው።

ጃኬቱ ደርሷል። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ቀለም ቀቢ ብርድ ሲመታው አይቼ ሰጠሁት።

የካርድ ክፍል የነበረችው


ግንቦት 14

ለእህቴ፣

ሰላም ለቤትሽ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ብዙ ጊዜ ቀደድኩት።

አንቺን ለማስቀጣት አልነበረም። ተናድጄ ነበር፤ ሰው ሲናደድ የሚያጠፋውን አንቺም ታውቂያለሽ። ለሥራ አስኪያጁ አቤቱታዬን አንስቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ውሳኔው ጸንቷል፣ በአቤቱታ አቅራቢው መነሳት አይለወጥም የሚል መልስ ሰጡኝ። እዚህ ያሉ ሁለት የሕግ አዋቂዎችንም ጠየቅኩ። ስለ ሟች ሕጉ ምን እንደሚል ሁለቱ ሁለት ዓይነት ነገሩኝ።

የዚያን ማክሰኞ ስልኩን ጆሮው ላይ ስትይዢለት ሌላ ምን አለ? የተውሽው ካለ ጻፊልኝ፤ ክፉም ቢሆን።

በሰኔ መጨረሻ ፈቃድ ሰጥተውኛል። እመጣለሁ። መቃብሩን አሳዪኝ። ለልጆችሽ የሚሆን ምን ይዤ ልምጣ?

ወንድምሽ


ሰኔ 6

ለጋሼ፣

ሌላ ያለው ነገር የለም። የጻፍኩልህ ሁሉም ነው። ክፉ ነገር ቢናገር ይቀልህ ነበር፤ አልተናገረም።

ለልጆቼ ምንም አታምጣ።

ስትመጣ በቀጥታ አከራይዋ ጋ ሂድ። አልጋውና ባልዲዎቹ እስካሁን እሷ ጋ ናቸው፤ መጀመሪያ ትቆጣሃለች፣ ዝም ብለህ ስማት። መቃብሩን ጓደኞቹ ያውቁታል፤ ጠዋት ጠዋት ከቀለም መሸጫው በር ላይ ሥራ ሲጠብቁ ታገኛቸዋለህ። ወንድሙ ነኝ ስትላቸው አንዳንዶቹ ፊታቸውን ያዞሩብህ ይሆናል፤ እዚያው ቁም፣ አንዱ ይወስድሃል።

እኔ አብሬህ አልሄድም። የኔን አልቅሼ ጨርሻለሁ። ያንተን ለብቻህ አልቅስ።